ሁለት ቁልፍ ያላት «ቁልፍ አልባ» መኪና

ለክቡር የመኪና ጥገና ማዕከሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የአንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ሥራ በአርባ አንድ ቀን ስላጠናቀቃችሁልኝ ስለማመስገን፣ እንዲሁም ማህተም ያረፈበት አንድ ወረቀት ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ ጤናዎ እንደ እንግዳ መቀበያ ክፍልዎ ወለል የሚያብረቀርቅ፣ እንቅልፍዎ እንደ ንብረት ክፍልዎ የጠለቀ፣ ዕድሜዎም እንደ ወረፋችን የረዘመ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና ደኅና ነኝ። ደኅና ያልሆነችው እህቴ ናት፤ ይህን ደብዳቤም የምጽፈው በእርሷ ምክንያት ነው።

ማንነቴን ለማስተዋወቅ ያህል፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሰዋስው ያስተማርኩ ጡረተኛ መምህር ስሆን በማዕከልዎ ኮሪደር ግን «የቁልፉ ሽማግሌ» በሚል ማዕረግ እታወቃለሁ። ጥበቃዎቹ ገና ከበር ሲያዩኝ «የቁልፉ ሽማግሌ መጡ» ይባባላሉ፤ አንደኛው እንዲያውም ወንበሩን ይለቅልኛል። ይህ ቅጽል ስም በሁለት ቀን ውስጥ ነው የወጣልኝ፤ ከመሥሪያ ቤትዎ ያገኘሁት ብቸኛ ፈጣን አገልግሎት እርሱ ስለሆነ ምስጋናዬን ከዚሁ መጀመሩ ተገቢ መስሎኛል።

እህቴ ታላቄ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። እናታችን ስትሞት እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እርሷ ደግሞ የአሥራ አራት። ከዚያ ወዲህ ያጠበችኝም፣ ፊደል ያስቆጠረችኝም፣ ሳጠፋ የገረፈችኝም እርሷ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ በመዝገብ ቤት ሠርታ ጡረታ ስለወጣች ማህተም ያላረፈበትን ነገር ለማመን ይቸግራታል፤ በተወለድኩበት ቀን እንኳን አደረሰህ የምትለኝ የልደት ወረቀቴን ከመሳቢያ አውጥታ ቀኑን ካረጋገጠች በኋላ ነው። ይህችን ጠባይዋን ይያዙልኝ፤ ኋላ ታስፈልገናለች። ኩላሊቷ ሥራ ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት፣ ሆስፒታል ሄዳ እጥበት ታደርጋለች። ይህ ቀጠሮ እንደ እናንተ ቀጠሮ አይደለም፤ ሲያልፍ ሰው ይሞታል። መኪናዋን ያቆየናት ለዚሁ መንገድ ብቻ ሲሆን ለሽርሽር የወጣንባት ቀን ትዝ አይለኝም።

መኪናችን እንደሚያውቋት ከእናንተው አዳራሽ በአበባ ታስራ የወጣች፣ ሪሞቷን በኪሴ ይዤ ስጠጋ በሯን የምትከፍትልኝ፣ ቁልፍ ሳይገባባት በጣት ተጭነው የሚያስነሷት ዘመናዊ ናት። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ብጠጋት ዝም፤ እጀታዋን ብነካ ዝም፤ ሪሞቱን እንደ መታወቂያ ከመስኮቷ ላይ ብለጥፈው ዝም። ሰባት ዓመት አብረን ኖረን የማታውቀኝ ሆነች። ሪሞቱ ሆድ ውስጥ የተሸጎጠችውን ትንሽ የብረት ቁልፍ አውጥቼ በሩን ብከፍተው ደግሞ በአላርሟ ሰፈሩን አደበላለቀችው፤ ሞተሯ ግን አልነሳም አለ። በጎታች መኪና አስጎትቼ ወደ እናንተ አመጣኋት፤ ቅሬታዎቼም ከዚህ ላይ ይጀምራሉ።

አንደኛ፤ የመጀመሪያው ቅሬታዬ ሙገሳ ስለሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በጥገናው አዳራሽ ጥግ ላይ የሚሠሩት ባለ ነጭ ፀጉሩ ኤሌክትሪሺያን መኪናዋን በሃያ ደቂቃ መርምረው፣ ሪሞቶቹም ባትሪውም ጤነኛ መሆናቸውን፣ የሞተው ከክሩስኮቱ ሥር የተቀመጠ መዳፍ የሚያህል ሣጥን መሆኑን አስረዱኝ። ሪሞቱን የሚሰማው፣ በሩን ክፈት፣ ሞተሩን አስነሳ እያለ የሚያዘው እርሱ ነው። «ጆሮዋ ነው የደነቆረው መምህር፤ ጆሮዋን እንቀይርላታለን፣ አለቀ» አሉኝ። ከዚያም በሥራ ካርዱ ላይ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት «ቁልፍ አልባ መግቢያ መቆጣጠሪያ ሞጁል፣ ይቀየር» ብለው ጻፉ። እኔም አንብቤ በሆዴ ከአሥር ዘጠኝ ሰጠኋቸው፤ አንዷን የቀነስኩባቸው በአራት ነጥብ ስላልዘጉት ነው። እንዲህ ያለ ሰው በማዕከልዎ እንዴት ሊቀጠር እንደቻለ ዛሬም ይገርመኛል፤ ስህተት ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛ፤ ይህ ስህተት ብዙም ሳይቆይ ታርሟል። ካርዱን ወደ ኮምፒዩተር የምታስገባው ሠራተኛዎ የተሰጣት መስመር ጠባብ ስለሆነባት «መግቢያ መቆጣጠሪያ ሞጁል» የሚለውን ቆርጣ «ቁልፍ አልባ፣ ይቀየር» ብላ መዘገበችው። በእርሷ አልፈርድም፤ መስመሩን ያጠበበው ሌላ ነው። ክቡርነትዎ ግን ሰዋስው በሚሰጥበት ሰዓት ከክፍል ውጪ ኖረው ከሆነ በነፃ ላስረዳዎት። «አልባ» የምትባለው ቃል ብቻዋን አትቆምም፤ ከፊቷ የጎደለውን ነገር፣ ከኋላዋ ደግሞ የጎደለበትን ባለቤት ትፈልጋለች። «ቁልፍ አልባ መግቢያ» ሲባል ቁልፍ የማያሻው መግቢያው ነው። «መግቢያ» ተቆርጦ ሲወድቅ ግን «አልባ» ባለቤት ፍለጋ ትዞርና ያገኘችው ላይ ትለጠፋለች፤ እዚያ አካባቢ ያገኘችው ደግሞ የእኔን መኪና ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለውን አባባል ተማሪዎቼን ስገሥጽበት ኖሬ በስተርጅና በራሴ ንብረት ላይ ተፈጽሞ አየሁት።

ስለዚህ በማዕከልዎ ሲስተም ውስጥ መኪናዬ ቁልፍ የሌላት መኪና ሆነች። የደኅንነት ክፍልዎም ቁልፍ ሳይኖራት በጎታች መኪና የመጣች ንብረት የተሰረቀች ልትሆን ትችላለች በማለት፣ የቁልፉን መጥፋት የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ እስካቀርብ ድረስ ሥራው እንዲታገድ ወሰነ። ይህ የሆነው ሁለቱም ሪሞቶች ኪሴ ውስጥ ሆነው እርስ በርስ እየተጋጩ በሚንቀጫቀጩበት ሰዓት ነው። አውጥቼ ባንኮኒው ላይ ደረደርኳቸው። የባንኮኒዋ ልጅ ሪሞቶቹን አየች፣ ስክሪኑን አየች፣ ተመልሳ ሪሞቶቹን አየች፤ ከዚያም በእውነተኛ ርኅራኄ «አባባ፣ እኔም አያለሁ እኮ፤ ግን ሲስተሙ የለም ነው የሚለው» አለችኝ። እነዚህስ ታዲያ ምንድን ናቸው ብላት «የሌላ መኪና ይሆናላ» ብላ ወደ እኔ ገፋ አደረገቻቸው። ቁልፍ በቋንቋችን በር የሚከፍተውም፣ ሸሚዝ የሚይዘውም ነውና ቀጥሎ የሸሚዜ ቁልፎች የማን እንደሆኑ ማስረጃ እንዳልጠየቅ ፈርቼ ኮቴን ከላይ እስከ ታች ቆልፌ ወጣሁ።

ሦስተኛውን ቅሬታዬን በዚያው ሳምንት ለቢሮዎ በጽሑፍ አስገብቼ ግልባጭ ሳላስቀር ቀርቻለሁ። ፈልገው ካገኙት እባክዎ ቁጥሩን ጠብቀው እዚህ ቦታ ላይ ይለጥፉልኝ።

አራተኛ፤ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሁለት ቁልፍ በኪሴ ይዤ ቁልፍ ጠፋኝ ለማለት ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ተረኛዋ ፖሊስ ጠና ያለች፣ መነጽሯን በግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴት ነበረች። መቼ ጠፋ ብላ ጠየቀችኝ፤ ስህተት ማረም እንጂ ሐሰት መናገር ስላልለመድኩ አልጠፋም አልኳት። ታዲያ ምን ልጻፍልዎ አለችኝ፤ ጠፍቷል ብለሽ አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስነገረችኝና በመጨረሻ «አባቴ፣ ሰው የጠፋበትን ዕቃ ስፈልግ ሃያ ዓመቴ ነው፤ ያልጠፋ ዕቃ ጠፋ በሉልኝ ብሎ የመጣ ሰው ግን እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት» አለች። ተመልሼ ይህንኑ ለደኅንነት ክፍልዎ ሳስረዳ፣ እንግዲያውስ አለመጥፋቱን የሚገልጽ ማስረጃ ከዚያው ያምጡ ተባልኩ። ሄድኩ። ሴትዮዋ ስታየኝ ገና ከበሩ ሳቀች፤ «አለመጥፋትን የምንመዘግብበት መዝገብ የለንም፤ ያልጠፋ ነገር በጣም ብዙ ነው አባቴ» አለችኝ፤ ወንበር ስባም አስቀመጠችኝ። በዚያ ወር ከቆምኩባቸው ባንኮኒዎች ሁሉ በትክክል ያዳመጠችኝ ይህች ሴት ብቻ ስለሆነች ውለታዋን በአደባባይ መመስከር ይኖርብኛል።

አምስተኛ፤ ስለ ሞጁሉ። ሞጁሉ ባሕር ላይ ነው፣ ወደብ ላይ ነው፣ መንገድ ላይ ነው እየተባለ አምስት ሳምንት ተነገረኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እያልኩ በእንግዳ መቀበያዎ ወንበር ላይ ተቀምጬ የዓሣ ገንዳችሁን ዓሦች አንድ በአንድ ለየኋቸው፤ ከመካከላቸው አንደኛው ዘወትር ከመስታወቱ ጋር ግንባሩን ስለሚያጋጭ እንደ ባልንጀራ ሆነን ነበር። ኋላ እንደተረዳሁት ግን ላሜ ሰማይ አልነበረችም። ሞጁሉ መኪናዬ በገባች በሦስተኛው ቀን ከመለዋወጫ መጋዘናችሁ ደርሷል። የንብረት ክፍል ኃላፊዎ ከመረከቢያ ወረቀቱ ላይ «ቁልፍ አልባ» የሚለውን ሲያነብ ነገሩ የቁልፍ ጉዳይ መሆኑን በብልኅነት ተገነዘበና፣ ባለቤት ያጡ ቁልፎች ከሚቀመጡበት የብረት ካቢኔት ውስጥ አስገብቶ ቆለፈበት። ከዚያም የካቢኔቱን ቁልፍ በኪሱ ይዞ የዓመት ፈቃድ ወጣ። ክቡር ሆይ፣ ቁልፍ የማያስፈልገው ዕቃ ተቆልፎበት፣ ቁልፉ ደግሞ ለዕረፍት ሄዷል ማለት ነው። ካቢኔቱ ከተቀመጥኩበት ወንበር በስድስት እርምጃ ርቀት ላይ የሚገኝ ሲሆን እኔም አንዳንድ ጊዜ ባርኔጣዬን አስቀምጥበት ነበር።

ከዚህ በታች ላለው ቁጥር ልሰጠው አልፈልግም።

መኪናዋ እናንተ ዘንድ በነበረችባቸው ቀናት እትዬን የሚያመላልስልን አንድ ባለታክሲ ነበር፤ ደግ ሰው ነው፣ ደረጃ ላይ እጇን ይዞ ያወርዳታል። በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ ዓርብ ጠዋት፣ መጥቼ ላደርሳችሁ ስነሳ ማርሹ መንገድ ላይ ተሰበረብኝ ብሎ ደወለ። ዋናው መንገድ ዳር ወጥተን ቆምን። እርሷ በእኔ ክንድ ላይ ተደግፋ፣ እኔ በሌላኛው እጄ ላለፈው ሁሉ እያውለበለብኩ፣ አንድ ሰዓት ከምናምን ቆየን። ሆስፒታል ስንደርስ የእርሷን ማሽን ለሌላ ታማሚ ሰጥተውታል፤ ነርሷ አዝና ሰኞ በጠዋት እንድንመጣ ነገረችን። እሑድ ከምሳ በኋላ እትዬ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች መተንፈስ አቃታት። ሰውነቷ ያላስወጣው ውኃ ሳንባዋ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ደረቅ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ሰመጠች ማለት ነው። አምቡላንስ እስኪመጣ ድረስ ጀርባዋን ከማሻሸት በቀር የማደርገው አልነበረኝም። ፈራሁ፤ ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ነገር ግን በዚያች ሰዓት እናቱ የሞተችበት የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ ነበር። ሁለቱ ቁልፎች ኪሴ ውስጥ ነበሩ።

በፈጣሪ ቸርነት ተረፈች። ሦስት ቀን በኦክስጅን ቆይታ ስትወጣ ግን ወደ ቤት አልመጣችም። ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ፣ አንዲት ክፍል ተከራየች፤ አልጋና አንድ በርጩማ ብቻ የምታስገባ፣ መስኮቷ ጎማ ከሚጠገንበት ግቢ ላይ የሚከፈት ጠባብ ክፍል ናት። ከዚያ ተነሥታ መሐል ላይ አንዴ እያረፈች በራሷ እግር ለእጥበት ትሄዳለች። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። «አንተም መንገድ ዳር አትቁም፣ እኔም አልቁም» አለችኝ፤ ተከራከርኩ፣ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፤ እርሷ ከወሰነች አበቃ።

ወደ ቁጥሬ ልመለስ፤ ስድስተኛ መሰለኝ። በአርባ አንደኛው ቀን ባለ ነጭ ፀጉሩ ኤሌክትሪሺያን ከዓሣው አጠገብ ተቀምጬ አገኙኝና «መምህር፣ አሁንም እዚህ ነዎት?» ብለው ደነገጡ፤ የእኔን መኪና ሠርቶ የሸኛት ሌላ ባለሙያ መስሏቸው ኖሯል። የእህቴን ነገር ነገርኳቸው። መጋዘኑን ጠይቀው ሞጁሉ የት እንደተቆለፈበት ካወቁ በኋላ ካቻቢቴያቸውን ከደረት ኪሳቸው መዘው ወደ ካቢኔቱ ሄዱ፣ ባርኔጣዬን አንሥተው በአክብሮት ሰጡኝ፣ ካቢኔቱንም ፈልቅቀው ከፈቱት። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ ከክሩስኮቱ ሥር ሁለት ብሎን መፍታትን፣ አሮጌውን ሣጥን ነቅሎ አዲሱን መሰካትንና አዲሱ ጆሮ የድሮ ቁልፎቹን እንዲያውቅ ማስተማርን ጨምሮ፣ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ፈጀ፤ እገዳውን ያስታወሰ ሰው አልነበረም። በመሐል ላይ ቀና ብለው «ሁለቱም ቁልፎች አሉ አይደል?» ሲሉኝ፣ በአርባ አንድ ቀን ውስጥ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ የመጀመሪያው የማዕከልዎ ሰው እርሳቸው መሆናቸውን ልብ አልኩ። ሥራው ሲያልቅ እጀታውን ነካሁት፤ በሩ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። እንባዬ መጣ፤ አላፍርበትም።

በማግሥቱ ለእኚህ ሰው «ካቢኔት ያለ ቁልፍ በመክፈት» በሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንደሰጧቸው ሰምቻለሁ። እንኳን ደስ አለዎት፤ የቁልፍ አለመኖር በትክክለኛ ቦታው የገባበት ከመሥሪያ ቤትዎ የወጣ ብቸኛ ጽሑፍ ይህ ነው። አሥር ከአሥር ሰጥቼዎታለሁ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ማዕከልዎ በድንገት አስታወሰኝ። አንዲት ድምፀ ለስላሳ ልጅ ደውላ በአገልግሎታችን ምን ያህል ረኩ፣ ከአንድ እስከ አምስት ባለው ይመልሱ አለችኝ። ከዜሮ በታች ያለው ቁጥር የት እንደሚገባ ብጠይቃት ሲስተሙ እንደማይቀበል ነገረችኝ፤ ይህን እንኳ አመንኳት።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። መኪናዋን ይዤ በደስታ ወደ እትዬ ክፍል በረርኩ፤ ተሠርታለች፣ ተነሺ እንሂድ፣ ቤትሽ ይጠብቅሻል አልኳት። እርሷ ግን የመዝገብ ቤት ሰው ናትና «በአፍ አትንገረኝ፤ ወረቀት አለው?» አለች። አልተቀየምኳትም። ወረቀቱ ሰበብ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የምትፈራው ዳግመኛ መንገድ ዳር መቆምንና በእኔ ክንድ ላይ መሰቀልን ነው። ቢሆንም ሰበብም በር ነው፤ በዚህ በር ካልሆነ በሌላ በኩል አትገባልኝም። ስለዚህ መጥቼ ማስረጃ ጠየቅኩ፤ በአራተኛው ቀን ይህ ተጽፎ ተሰጠኝ፦ «ቁልፍ አልባ የነበረው ተሽከርካሪ ቁልፍ የተሰጠው መሆኑን እናረጋግጣለን።» እትዬ መነጽሯን አድርጋ ቁጥሩን አየች፣ ቀኑን አየች፣ ማህተሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ አየች፤ ከዚያም አጥፋ መለሰችልኝ። «ማህተሙ ትክክል ነው፤ መኪናዋ ግን የእኛ አይደለችም። የእኛዋ ቁልፍ ነበራት» አለች። ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬ እንዲህ ያለ አንባቢ አላፈራሁም።

ወረቀቱ እንዲታረም ስጠይቅ ረዳትዎ ሁለት መልስ ሰጡኝ። የመጀመሪያው፣ ደንበኛው መኪናውን ሲያስረክብ የተመዘገበውን አንብቦ ማረም ነበረበት የሚል ነው፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይህ ነው። ሁለተኛው፣ ፋይሉ አንዴ ስለተዘጋ አይከፈትም የሚል ነው። ካቢኔት በካቻቢቴ ሲከፈት በዓይኔ ስላየሁ ይህን ሁለተኛውን ለማመን ተቸግሬአለሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ካሣ አልጠየቅኩም፤ ይቅርታም አልጠየቅኩም፣ ቃሉ ረዘም ስለሚል መስመራችሁ አይበቃውም። ድካምዎን ለመቀነስ እኔው አርቅቄዋለሁና ከታች ይፈርሙበትና ያትሙበት፦

«የዚህች መኪና ሁለት ቁልፎች ጠፍተው አያውቁም። የተበላሸው ቁልፍ አልባ መግቢያ መቆጣጠሪያዋ ነበር። ተቀይሯል፤ መኪናዋ ትሠራለች።»

አሁን መኪናዋ በራችን ላይ ቆማ ትውላለች። ገና ስጠጋት ታውቀኛለች፤ በእኔም በኩል፣ በእትዬ በኩልም ያለውን በር ትከፍታለች፤ በእርሷ በኩል ያለውን ዞሬ የምዘጋው እኔ ነኝ። ክፍሏን የተከራየች ዕለት እትዬ አርባ ዓመት ከቦርሳዋ ያልለየችውን የቤታችንን ቁልፍ አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀምጣ ጣቶቼን አጠፈችብኝ። «እንግዲህ ቁልፍ አልባዋ እኔ ነኝ» አለችና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ሁሉ ወረቀት መሐል በእውነት ቁልፍ ያጣው ማን እንደሆነ ለሲስተማችሁ መንገር ቢፈልጉ፣ እርሷ ናት፤ ቁልፏም እኔ ጋር ነው፤ አልጠፋም።

ፊርማዎንና ማህተምዎን ከባሕር ማዶ እንደሚመጣ መለዋወጫ በትዕግሥት እየጠበቅኩ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ በርዎ ሁልጊዜ ያለ ማስረጃ እንዲከፈትልዎ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የቁልፉ ሽማግሌ

ግልባጭ፦
ለባለ ነጭ ፀጉሩ ኤሌክትሪሺያን፣ ከማስጠንቀቂያቸው ጎን እንዲያያይዙት
ለፖሊስ ጣቢያዋ ሴት፣ ያልጠፉ ነገሮች መዝገብ የተከፈተ ዕለት የመጀመሪያው ገጽ ላይ እንድታሰፍረው
ለብረት ካቢኔቱ

ሳልረሳው፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ረቡዕ ዕለት ከእጥበት ስትመለስ ለእትዬ አነበብኩላት። ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው አዳመጠችና አንድ እርማት ብቻ አዘዘች፤ «ክቡር» የሚለውን ሰርዝ፣ በመዝገብ ቤት ደንብ ማስረጃ ያልቀረበበት ማዕረግ አይመዘገብም አለች። እኔ ግን ጨዋነትን ያስተማረችኝ እርሷው ናትና ሳልሰርዘው ልኬዋለሁ። ያቺ የታተመች ወረቀት እስክትደርሳት ድረስ እርሷ በበኩሏ በደብተሯ «ክብር አልባ ሥራ አስኪያጅ» ብላ ይዛዎታለች። የደብተሯ መስመር ሰፊ ስለሆነ ምንም ቃል አልተቆረጠም፤ «አልባ»ም በዚህ ጊዜ ባለቤቱን አላጣም።